ቀያዮቹ የአኳሪየም ተክሎች ጎንደር ላይ ቀለማቸውን እንዳይለቁ፦ ከአሸዋ አጠባ እስከ ቁረጣ

"ተክሉን ስገዛው ደም የመሰለ ቀይ ነበር። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው አረንጓዴ ሆነ፤ ከሥሩም ቅጠሉ ረግፎ ተራቆተ። አምፖል ልጨምር?"

ጥያቄው ሁልጊዜ በዚሁ ቃል ስለሚመጣ መልሱን አንዴ ሙሉውን መጻፍ ይሻላል። አምፖል አትጨምሩ። ብርሃን ቀለም የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይዱና ማዳበሪያው እኩል ሲሄዱለት ነው። ብርሃኑ ብቻውን ከቀደመ ተክሉ ይቆማል፣ የተረፈውን ብርሃን አልጌ ይበላዋል። ስለዚህ የሚቀጥለው ሁሉ የተደረደረው በአንድ ሐሳብ ነው፦ በቋሚነት ልታቀርቡት የምትችሉትን ካርቦን (ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ከዚህ በኋላ በአጭሩ እንዲህ እንለዋለን) መጀመሪያ እወቁ፣ ብርሃኑን በዚያ ልክ ቁረጡ።

ባለ ግንድ ተክል የምንለው ቀጥ ብሎ እየረዘመ በየአንጓው ቅጠል የሚያወጣውን ነው፤ ሮታላ፣ ሉድዊጂያ፣ ባኮፓ፣ ሃይግሮፊላና መሰሎቻቸው። መጠኖቹ በሙሉ የተሰሉት ለ60 × 30 × 36 ሴንቲ ሜትር ገንዳ፣ ማለትም ለ60 ሊትር ገደማ ነው። ገንዳችሁ 120 ሊትር ከሆነ እጥፍ አድርጉ።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ገንዳው፣ የሚሸከመው ጠንካራ ጠረጴዛ (ሲሞላ ከ80 ኪሎ በላይ ይመዝናል) እና ከሥሩ የሚነጠፍ ስስ ስፖንጅ
- ከ1 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሆነ የወንዝ አሸዋ፣ 17 ኪሎ ያህል
- ፊልተር፣ በሰዓት ከ300 እስከ 500 ሊትር የሚገፋ
- ማሞቂያ፣ 50 ወይም 75 ዋት፣ ከቴርሞሜትር ጋር
- ኤልኢዲ አምፖሎች፦ አንድ ወይም ሁለት ነጭ (6500 ኬልቪን) እና አንድ ቢጫማ (3000 ኬልቪን)
- ውስጡ የራሱ ባትሪ ያለው ዲጂታል ታይመር
- ሁለት ባለ 2 ሊትር የለስላሳ መጠጥ ጠርሙስና አንድ ትንሽ ጠርሙስ
- ከፋርማሲ፦ የግሉኮስ መስጫ ቱቦ፣ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ፣ ዲስቲልድ ውሃ
- ስኳር፣ ደረቅ እርሾ፣ ቤኪንግ ሶዳ
- በኤሌክትሪክም በባትሪም የሚሠራ የአየር ፓምፕ፤ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ቫልቭ
- ረጅም ወረንጦና የተሳለ መቀስ
- ፖታሲየም ናይትሬት፣ ሞኖፖታሲየም ፎስፌት እና ብረት ያለበት የማይክሮ ማዳበሪያ
- አፋቸው የሚከፈት ሦስት ጀሪካን፣ አንድ ሰፊ ሳፋ

1. ተክሉን በአቅማችሁ ምረጡ

ቀለም ከዘር ነው። በተፈጥሮው አረንጓዴ የሆነን ተክል ምንም ብታበሉት አይቀላም፤ ሻጩ "ብርሃን ሲያገኝ ይቀላል" ቢላችሁም ስሙን ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

ለጀማሪ የሚሆኑት ሮታላ ሮቱንዲፎሊያ (ጫፉ ሮዝ፣ ወደ ብርቱካን የሚሄድ)፣ ሉድዊጂያ ሬፔንስና "ሱፐር ሬድ" የሚባለው ዘመዱ፣ ባኮፓ ካሮሊኒያና (ጫፉ የመዳብ ቀለም የሚይዝ)፣ እና ነጭ የደም ሥር ያለው ሮዝ ሃይግሮፊላ "ሮዛነርቪግ" ናቸው። ከእነዚህ ሁሉ በትንሽ ካርቦን ቀይ ሆኖ የሚቆየው ሉድዊጂያ ሱፐር ሬድ ነው፤ አንድ ብቻ መግዛት የሚችል ሰው እሱን ይግዛ።

አልተርናንቴራ ሬኒኪ ትንሽ ይጠይቃል፤ ግን ሌላው ሁሉ አረንጓዴ ሲሆን እንኳ እሱ ወይን ጠጅነቱን ብዙም አይለቅም። ምክንያቱም ማቅለሚያው ከሮታላው የተለየ ነው፤ ቀይ ሥር ስትልጡ እጃችሁን የሚያቀላው ዓይነት ቀለም ነው። ሁለቱም የአንድ ቤተሰብ ዕፅ ናቸውና።

ሮታላ ማክራንድራ፣ ሮታላ ዋሊቺ እና ሉድዊጂያ ፓንታናል የሚባሉትን በመጀመሪያው ስድስት ወር አትንኩ። ለስላሳ ውሃና የማይዋዥቅ ካርቦን ይፈልጋሉ፤ በእርሾ ጠርሙስ ጫፋቸው ተኮማትሮ ይቀራል።

ከ4 እስከ 5 ዓይነት፣ ከእያንዳንዱ 15 ዘንግ ግዙ። ከመጀመሪያው ቀን የወለሉ ሁለት ሦስተኛ በተክል መሸፈን አለበት፤ ባዶ ወለል ላይ ቀድሞ የሚበቅለው አልጌ ነው።

ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ የምታስመጡ ከሆነ ተክሉ ውሃ ውስጥ ተነክሮ አይላክ። በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ አየር ባለው ፕላስቲክ ታስሮ፣ ፕላስቲኩ ካርቶን ውስጥ ይግባ። እንዲህ ሆኖ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል። ውሃ የሞላበት ፕላስቲክ ግን መንገድ ላይ ሲናጥ ቅጠሉን ይቀጠቅጠዋል።

2. አሸዋውን ፈትኑ፣ እጠቡ

አንድ ጭብጥ ደረቅ አሸዋ ብርጭቆ ውስጥ አድርጉና አቼቶ አፍስሱበት። አረፋ እያወጣ ከፈላ ኖራ አለበት፤ ውሃውን እያጠነከረ ስለሚሄድ አትጠቀሙበት። ጸጥ ካለ ደህና ነው።

ከዚያ በወንፊት ንፉት። ከ1 ሚሊ ሜትር በታች የሆነው ዱቄት ይጣል፣ ምክንያቱም ተጠቅጥቆ ሥር አያስገባም። ከ3 በላይ የሆነውም ይውጣ፤ ዘንጉን አይዝም፣ የተከላችሁት በነጋታው ተንሳፎ ታገኙታላችሁ። የቀረውን በሳፋ ውስጥ በእጅ እያሻችሁ ውሃው እስኪጠራ እጠቡ። አሥር ጊዜ ማጠብ ያለ ነው፤ ውሃውን ለአትክልት ቦታ ታጠጡታላችሁ እንጂ አይባክንም። ሳሙናና በረኪና ግን አይነካው።

ፊት ለፊት 4 ሴንቲ ሜትር፣ ከኋላ 8 ሴንቲ ሜትር አድርጋችሁ አንጥፉት። ረጃጅሞቹ ከኋላ ስለሚተከሉ ጥልቀቱ ለእነሱ ያስፈልጋል።

የጓሮ አፈር ከሥር ማንጠፍ ይቻላል ወይ ለሚለው፦ ይቻላል፤ ግን ፍግ ወይም የእርሻ ማዳበሪያ የነካው አፈር ለሳምንታት አሞኒያ ይለቃል፤ በየቁረጣው ዘንግ ስትነቅሉም ጭቃው ይወጣል። ባለ ግንድ ተክል በቅጠሉም ከውሃው ይመገባል፤ ንጹሕ አሸዋና ፈሳሽ ማዳበሪያ ይበቃዋል።

3. ውሃውን አዘጋጁ

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፤ ክሎሪን ዓሣውንም፣ ፊልተሩ ውስጥ ያሉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎችም ይገድላል። ውሃው በሚመጣበት ቀን ሦስቱን ጀሪካን ሙሉና አፋቸውን ከፍታችሁ 48 ሰዓት አቆዩ፣ ወይም ሳፋ ላይ ገልብጣችሁ በአየር ፓምፕ ለ24 ሰዓት አናፍሱት። "ሮቶ ውስጥ ሳምንት ቆይቷል" የሚለው ዋስትና አይደለም፤ የተከደነ ሮቶ ክሎሪኑን በቀላሉ አይለቅም። ክረምት ላይ ውሃው ደፍርሶ ከመጣ ወይም የበረኪና ሽታው ከበረታ አንድ ቀን ጨምሩ።

ጥንካሬውን፣ ማለትም የተሟሟበትን ማዕድን መጠን፣ በመለኪያ ፈሳሽ ወይም በወረቀት ለኩ። አጠቃላይ ጥንካሬው ከ4 እስከ 8 ዲግሪ፣ የካርቦኔት ጥንካሬው ከ2 እስከ 5 ዲግሪ ቢሆን ጥሩ ነው። መለኪያ ከሌላችሁ ማንቆርቆሪያችሁን ተመልከቱ፦ ውስጡ በጥቂት ሳምንት ወፍራም ነጭ ቅርፊት የሚይዝ ከሆነ ውሃችሁ ጠንካራ ነው።

ጠንካራ ከሆነ ክረምት ላይ መፍትሔው ከጣራ ነው። የዝናብ ውሃ ለስላሳ ነው፤ ከቧንቧው ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅሉት። የወቅቱን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ዝናቦች ግን አሳልፏቸው፤ የከረመውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥበው የሚያወርዱት እነሱ ናቸው። ከአዲስ ቆርቆሮም አትቅዱ፤ ዚንክ ይዞ ሊወርድ ይችላል። የዝናብ ውሃ ብቻውን መጠቀምም አደጋ አለው፦ ካርቦኔት ስለሌለው ካርቦን ሲገባበት ፒኤቹ (የውሃው የኮምጣጣነት መለኪያ) በአንድ ሌሊት ሊወድቅ ይችላል።

4. ሙቀቱን አስተካክሉ

ከ22 እስከ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ በቂ ነው፤ ማሞቂያውን 24 ላይ አድርጉት። ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ስለሚበርድ ያለ ማሞቂያ እድገቱ ይዘገያል። "ሙቀት ሲጨምር ቶሎ ያድጋል" ብላችሁ 28 አታድርሱት። ሞቃት ውሃ ብዙ ኦክስጅን አይዝም፤ ጎንደር ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል፣ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህን ቁጥር አትርሱት፤ ካርቦኑ ላይ እንመለስበታለን።

ገንዳውን መስኮት ሥር አታስቀምጡ። የደጋ ፀሐይ በቀን ለሁለት ሰዓት ቢያርፍበት እንኳ ውሃው አረንጓዴ ሾርባ ሊሆን ይችላል።

5. ካርቦኑን ሥሩ

የጋዝ ሲሊንደር ከነመቆጣጠሪያው ማግኘት የሚችል እሱን ይጠቀም፤ መብራቱ ሊበራ አንድ ሰዓት ሲቀረው ይከፈታል፣ ሊጠፋ አንድ ሰዓት ሲቀረው ይዘጋል። ለሌላው ሰው እርሾ አለ። ጠላ የጠመቀ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ከጋኑ የሚወጣውን አየር በቱቦ ወደ ገንዳው መውሰድ ብቻ ነው የቀረው።

ሀ. የለስላሳ ጠርሙስ ምረጡ፤ ሃይላንድ ስስ ስለሆነ በግፊት ይነፋል።

ለ. ክዳኑን በጋለ ሚስማር ብሱት። ቀዳዳው ከቱቦው ትንሽ ይጥበብ። የቱቦውን ጫፍ በሰያፍ ቁረጡት፣ ሹሉን በቀዳዳው አሾልኩትና ከውስጥ በኩል በፒንሳ ሳቡት። ጎማው ተጨምቆ ሲያልፍ ራሱን ይደፍናል፤ ከዚያ ዙሪያውን ሱፐር ግሉ አንጠባጥቡ። በልኩ የተበሳ ቀዳዳ ላይ ግን ማጣበቂያ ብቻውን አይዝም፣ በሳምንቱ ያፈሳል። ሥራው ሁሉ የሚበላሸው እዚህች ቀዳዳ ላይ ነው። ስትጨርሱ ቱቦውን በጣታችሁ ይዛችሁ ጠርሙሱን ውሃ ውስጥ እየጨመቃችሁ አረፋ መውጣት አለመውጣቱን እዩ።

ሐ. 200 ግራም ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ደረቅ እርሾ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ እና 1.2 ሊትር ለብ ያለ ውሃ ጨምሩ። የላይኛው ክፍል ባዶ ይሁን፤ አረፋው ቦታ ካጣ ወደ ቱቦው ይገባል። እርሾ ማብዛት ጋዙን በሁለት ቀን ያስጨርሰዋል እንጂ አያበዛውም። ሶዳው የሚገባው ድብልቁ ቶሎ እንዳይኮመጥጥ ነው።

መ. ትንሿን ጠርሙስ በመሀል አስገቡ። ከእርሾው የሚመጣው ረጅሙ ቱቦ ከሥሯ ባለው ውሃ ውስጥ ይግባ፣ ወደ ገንዳው የሚሄደው አጭሩ ከላይ ይውጣ። ካልሆነ የእርሾው ዝቃጭ ገንዳው ውስጥ ገብቶ ውሃውን ወተት ያስመስለዋል።

ሠ. ከእሷ ቀጥሎ አንድ አቅጣጫ የሚያሳልፈውን ቫልቭ አድርጉ። ሌሊት ጠርሙሱ ሲቀዘቅዝ ጋዙ ይኮማተርና የገንዳውን ውሃ ወደ ኋላ ይስበዋል፤ ጠዋት ወለሉ ላይ ኩሬ የሚያጋጥመው ሰው ይህን ቫልቭ የዘለለ ነው።

ረ. የቱቦውን ጫፍ ወደ ፊልተሩ መሳቢያ አስገቡት። የሞተሩ ምላጭ አረፋውን ስለሚፈጨው ጋዙ ሳይሟሟ ወደ ላይ አያመልጥም።

ማስጠንቀቂያ፦ የግሉኮስ ቱቦ ላይ ያለችውን ማጥበቂያ ሙሉ በሙሉ ክፈቷት፣ ቢቻል አውጥታችሁ ጣሏት። እርሾ አይጠፋም፤ መውጫ ካጣ ጠርሙሱ ይፈነዳል።

ሁለቱን ጠርሙሶች በአንድ ቀን አትጥመቁ። አንዱን ዛሬ፣ ሌላውን ከ10 ቀን በኋላ፤ ከዚያ እየተፈራረቁ ይታደሱ። እንዲህ ሲሆን አንዱ ሲደክም ሌላው ይደርሳል፣ ካርቦኑም አይዋዥቅም። በብርድ ወራት ጠርሙሶቹን ከገንዳው አጠገብ፣ በቁም ሣጥን ወይም በካርቶን ውስጥ አኑሯቸው።

በቂ መሆኑን የምታውቁት በቀለም መለኪያ ነው። 1.2 ግራም ሶዳ በ1 ሊትር ዲስቲልድ ውሃ አሟሙ፤ ከዚያ 100 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ 900 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ ጨምሩበት። ይህን ፈሳሽ ውሃ ውስጥ በሚንጠለጠለው ትንሽ መለኪያ ጨምሩና ብሮሞቲሞል ብሉ የሚባለውን ቀለሙን የሚቀይር ጠቋሚ ፈሳሽ ጠብ አድርጉበት። ሰማያዊ ከሆነ ካርቦኑ ያንሳል፤ አረንጓዴ ከሆነ በልኩ ነው፣ በሊትር 30 ሚሊ ግራም ገደማ፤ ቢጫ ከሆነ ለዓሣ አደገኛ ነው። መለኪያው ሁለት ሰዓት ያህል ዘግይቶ ነው የሚናገረው። እርሾ ብዙ ጊዜ ከሰማያዊና ከአረንጓዴ መሀል ያቆያችኋል፤ ለቀላሎቹ ተክሎች ይበቃል። እኛ ዘንድ ቢጫ መሆን ከሌላው ቦታ ይልቅ አደገኛ ነው፣ ቀድሞውኑ ኦክስጅኑ አነስተኛ ነውና።

6. ብርሃኑን በካርቦኑ ልክ አድርጉ

ካርቶኑ ላይ ከዋቱ ይልቅ ሉመኑን አንብቡ። ካርቦን ከሌለ ከ1,200 ሉመን አትለፉ። እርሾ ካለ ከ1,800 እስከ 2,000 ሉመን ይበቃል፤ ሁለት ባለ 12 ዋት አምፖል እዚያ ይደርሳል። ከዚያ በላይ ለሲሊንደር ባለቤቶች ነው። አምፖሎቹ ከውሃው 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበሉ፣ ከላያቸው ነጭ ወይም የሚያብለጨልጭ ሽፋን ይኑራቸው።

ቢጫማው አምፖል ለምን አስፈለገ? ተክሉ ቀይ ሆኖ ሳለ ቀይ አልመስል የሚልበት ጊዜ ስላለ ነው። 6500 ኬልቪን ብቻ ሲሆን ቀይ ብርሃኑ ስለሚያንስ ሉድዊጂያው ቡናማ ይመስላል። አንዱን በ3000 ኬልቪን ስትተኩት ያው ቅጠል ይደምቃል። ሐምራዊዎቹ "የተክል መብራቶች" አያስፈልጉም፤ ዓሣውንም ግድግዳውንም ሐምራዊ ያደርጋሉ።

የመጀመሪያውን ወር በቀን 6 ሰዓት ብቻ አብሩ፤ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ይመቻል፣ ቤተሰቡም ሲገባ ያየዋል። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሰዓት እየጨመራችሁ 8 ሰዓት ላይ አቁሙ። ታይመሩ ባትሪ ያለው ይሁን ያልነው፣ በሜካኒካሉ መብራት በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ ስለሚቆም ነው፤ በሳምንት ውስጥ ገንዳው እኩለ ሌሊት ላይ ሲበራ ታገኙታላችሁ። ትናንት መብራት ስለጠፋ ብላችሁ ዛሬ 12 ሰዓት አታብሩ። ተክሉ ሁለት ቀን ጨለማ ይችላል፤ ድንገተኛ ረጅም ብርሃን የሚጠቅመው አልጌን ነው።

ማስጠንቀቂያ፦ እጃችሁን ውሃ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ማሞቂያውን፣ ፊልተሩንና መብራቱን ከሶኬት ንቀሉ። ገመዶቹ ከሶኬቱ ዝቅ ብለው ተንጠልጥለው እንደገና ወደ ላይ ይውጡ፤ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ ሶኬቱ ውስጥ ሳይሆን መሬት ላይ ይወድቃል። የተራቆተ የአምፖል መያዣ ከውሃ በላይ አይንጠልጠል።

7. ትከሉ

ገንዳውን እስከ ግማሹ ብቻ ሙሉት። ዘንጎቹን ካሰረው ጎማ፣ ስፖንጅና እርሳስ ፍቱ። እንደታሰሩ መትከል ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ነው፦ መሀል ያሉት ብርሃን አጥተው ይበሰብሳሉ፣ ብስባሹም ወደ ዳሮቹ ይዛመታል። ቅጠል ሥር የተለጠፈ ጄል የመሰለ የቀንድ አውጣ እንቁላል ካለ በጥፍር ላጡት።

እያንዳንዱን ዘንግ ከአንጓ ዝቅ ብላችሁ ቁረጡ፤ ሥር የሚወጣው ከአንጓ ነው። ቁመቱ ከ10 እስከ 12 ሴንቲ ሜትር ይሁን። የታችኞቹን ሁለት አንጓዎች ቅጠል አንሱ፣ አሸዋ ውስጥ የተቀበረ ቅጠል ይበሰብሳልና። በወረንጦ የታችኛውን ጫፉን ይዛችሁ በ45 ዲግሪ ያህል አጋድማችሁ አስገቡት፣ ወረንጦውን በትንሹ ከፍታችሁ እያወዛወዛችሁ አውጡ። ቀጥ ብሎ የገባ ዘንግ ተመልሶ ይወጣል። በዘንግና በዘንግ መሀል ከ2 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር ተዉ። ቀዩን ከቀይ አጠገብ አትትከሉ፤ ከአረንጓዴው ባኮፓ ጎን ሲቆም ነው የሚታየው።

ሲያልቅ ሳህን አሸዋው ላይ አስቀምጡና ውሃውን ቀስ ብላችሁ ሳህኑ ላይ አፍስሱ።

ከ5ኛው እስከ 20ኛው ቀን አሮጌ ቅጠሎች ቢቀልጡ አትደንግጡ። አብዛኛው የሚሸጥ ተክል ከውሃ ውጪ ያደገ ስለሆነ የአየር ቅጠሉን ጥሎ የውሃ ቅጠል ያወጣል። የቀለጠውን ልቀሙ፣ ጫፉን ተመልከቱ። ጫፉ አዲስ ቅጠል እያወጣ ከሆነ ተክሉ ደህና ነው።

8. መግቡ

ሁለት ጠርሙስ አዘጋጁ።

ጠርሙስ አንድ፦ 500 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ፣ 25 ግራም ፖታሲየም ናይትሬት፣ 2 ግራም ሞኖፖታሲየም ፎስፌት። ከዚህ 10 ሚሊ ሊትር ሲገባ በ60 ሊትር ውስጥ 5 ሚሊ ግራም በሊትር ናይትሬትና ግማሽ ሚሊ ግራም የሚጠጋ ፎስፌት ይጨምራል። ሰኞና ሐሙስ።

ጠርሙስ ሁለት፦ 500 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ፣ 5 ግራም የማይክሮ ማዳበሪያ፣ ብረቱ 7 በመቶ ገደማ የሆነ። 10 ሚሊ ሊትር ማክሰኞና ዓርብ። ጨለማ ቦታ ይቀመጥ።

ሁለቱን አትቀላቅሉ፤ ብረትና ፎስፌት ሲገናኙ ተጣብቀው ይዘቅጣሉ፣ ተክሉም አያገኛቸውም። ቀናቱ የተለያዩት ለዚህ ነው። ብረቱን አስሮ የሚይዘው ነገር ዕቃው ላይ ይጻፋል፤ "ዲቲፒኤ" የሚል ከሆነ ፒኤቹ ከ7 ከፍ ላለ ውሃ ይሻላል፤ "ኢዲቲኤ" የሚለው በእንዲህ ዓይነት ውሃ ቶሎ ይበተናል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ግማሽ መጠን ስጡ።

ማስጠንቀቂያ፦ የእርሻ ዩሪያ፣ ዳፕ ወይም ኤንፒኤስ ገንዳ ውስጥ አይገባም። በቀላሉ ይገኛል፣ ርካሽም ነው፤ ግን ናይትሮጅኑ በአሞኒያ መልክ ያለ ወይም ወደ አሞኒያ የሚለወጥ ስለሆነ አንድ ቁንጥጫ ዓሣውን ሊጨርስ ይችላል።

ናይትሬት ሲያንስ ሮታላ ይቀላል መባሉ እውነት ነው፤ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም በሊትር መሀል ስታቆዩት ቀለሙ ይበረታል። ይህን ግን ተክሉ በደንብ ካደገ በኋላ እንጂ መጀመሪያ ላይ አትሞክሩት። ዜሮ ማድረግ ደግሞ ማስራብ ነው፤ አልተርናንቴራና ሉድዊጂያ ቅጠላቸውን ያራግፋሉ።

9. ውሃ ለውጡ፣ ዓሣውን አዘግዩ

የመጀመሪያውን ወር በሳምንት ሁለት ጊዜ ግማሹን፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ ከሲሶ እስከ ግማሹን ለውጡ። 30 ሊትር ማለት ነው፤ ሁለት ጀሪካን አይሞላም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ሦስተኛው ጀሪካን መጠባበቂያ ነው። ፈረቃው ከዘለለ ማዳበሪያውን በግማሽ ቀንሱ፣ ሳይለወጥ እንዳይከማች። የሚወጣውን ውሃ ለጤና አዳሙና ለጎመኑ ስጡት።

ዓሣ ከአራተኛው ሳምንት በፊት አይግባ፤ አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ዜሮ መሆናቸው ይለካ። 8 ወይም 10 ጋፒ ይበቃል። ወርቅማ ዓሣ ለስላሳውን ቅጠል ይበላል፤ ቀረሶ ደግሞ አሸዋውን ይቆፍራል። ከጣና የመጣ ትንሽ ቀረሶ ያማረ ገንዳ ውስጥ ለመጨመር የሚያስብ ሰው ተክሉን ቀድሞ ይሰናበት።

እርሾ ሌሊትም ካርቦን ያወጣል፣ ተክሉ ግን በጨለማ ካርቦን አይስብም፣ ይባስ ብሎ ኦክስጅን ይወስዳል። ስለዚህ የገንዳው መብራት ሲጠፋ የአየር ፓምፑ ይነሳ፣ ሲበራ ይቁም። ንጋት ላይ ዓሦቹ ከውሃው ፊት ወጥተው አፋቸውን የሚከፍቱ ከሆነ አየሩን ወዲያው ክፈቱ፣ ከዚያ ሲሶ ውሃ ለውጡ።

መብራት ለረጅም ጊዜ ከጠፋ ሦስት ነገር አድርጉ፦ የካርቦኑን ቱቦ ከውሃ አውጡ (ፊልተሩ ስለቆመ ጋዙ ውስጡ ይታቆራል)፤ የአየር ፓምፑን በባትሪ አስነሱ፤ መብራቱ ከብዙ ሰዓት በኋላ ሲመለስ፣ ከገንዳው ውጪ የሚቀመጥ የታሸገ ፊልተር ከሆነ፣ ውስጡ የቆመውን ውሃ ደፍታችሁ በገንዳ ውሃ አለቅልቃችሁ አስነሱት። የታፈነ ውሃ እንዳለ ገንዳው ውስጥ መመለስ የለበትም።

10. ቁረጡ

ቀለም ያለው ጫፉ ላይ ነው፤ ቁረጣ የሚባለውም ጫፍን ማብዛት ነው። ዘንጉ ከውሃው ፊት 5 ሴንቲ ሜትር ሲቀረው ከቁመቱ ግማሽ ላይ፣ ከአንጓ ትንሽ ከፍ ብላችሁ ቁረጡ። ከተቆረጠው አንጓ ብዙ ጊዜ ሁለት ቅርንጫፍ ይወጣል። የተቆረጠውን ጫፍ እዚያው ባዶ ቦታ ላይ ትከሉት። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ቁረጣ የታችኛው ግንድ ደርቆ ይጠቁራል፤ ያኔ ነቅላችሁ ጣሉና ጫፎቹን ብቻ መልሳችሁ ትከሉ። በቆረጣችሁ ቀን ውሃ ለውጡ፣ ከተቆረጠው ግንድ የሚፈሰው ፈሳሽ ለአልጌ ምግብ ነው።

ሁሉንም ዓይነት በአንድ ቀን አትቁረጡ። ማዳበሪያውን የሚበላ ሲጠፋ ተረኛው አልጌ ነው።

ቅጠሉ ምን እያለ ነው?

የታችኛው ቅጠል ይረግፋል፣ ጫፉ ግን ደህና ነው፦ ብርሃን ከታች አልደረሰም። አሳሱት እንጂ አምፖል አትጨምሩ።

አሮጌው ቅጠል በሙሉ ቢጫ ይሆናል፦ ናይትሮጅን አንሷል። አሮጌው ቅጠል መርፌ የወጋው ይመስላል፦ ፖታሲየም።

አዲሱ ጫፍ ይነጣል፣ የደም ሥሩ ብቻ አረንጓዴ ይቀራል፦ ብረት። ጠርሙስ ሁለትን ተመልከቱ፤ ብርሃን ነክቶት ተበላሽቶ ሊሆን ይችላል።

ጫፉ ተኮማትሮ ያንሳል፦ አብዛኛውን ጊዜ ካርቦኑ ተዋዥቋል፤ የጠርሙሶቹን ተራ ያዙ።

በአንጓና በአንጓ መሀል ርቀቱ ረዝሞ ተክሉ ይመነምናል፦ እዚህ ላይ ብቻ ነው ብርሃን መጨመር የሚያስኬደው፣ እሱም ካርቦኑ አረንጓዴ ካሳየ።

ጥቁር ጺም የመሰለ አልጌ፦ የካርቦን መዋዠቅ። የያዘውን ቅጠል ቆርጣችሁ አውጡ፣ ማሸት አያስለቅቀውም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መስታወቱ ላይ የሚታየው ቡናማ አቧራ ግን በስፖንጅ ይጠረጋል፣ ራሱም ይጠፋል። ውሃው ፊት ላይ የዘይት ዓይነት ሽፋን ሲኖር ጋዜጣ አንጥፋችሁ አንሱት።

የቆረጣችሁትን ተክል ወደ አንገረብም፣ ወደ ቀሃም፣ ወደ ማንኛውም ቦይ አትጣሉ፤ ውሃው መጨረሻ ጣና ይደርሳል። ሃይግሮፊላና ሉድዊጂያ ከአንዲት አንጓ የሚነሱ ተክሎች ናቸው፤ እምቦጭ ሐይቁን ምን እንዳደረገው ለጎንደር ሰው አይነገርም። ቆርቆሮ ላይ ዘርግታችሁ ሁለት ሦስት ቀን ፀሐይ ይምታው፤ ሲነካ ተሰባብሮ ዱቄት የሚሆን ከሆነ ብስባሽ ጉድጓድ ውስጥ ይግባ።